ከርሞ የሚመጣው ስልክ ስንት ሥራ ባንድ ጊዜ ይሠራል?

አዲስ ስልክ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ወሬው ይቀድመዋል። «ማህደረ ትውስታው እጥፍ ይሆናል»፣ «ስክሪኑ ለሦስት ይከፈላል»፣ «ፊልም እያሳየ፣ መልእክት እየተቀበለ፣ ካርታም እየመራ አይደክምም» ይባላል። ወሬው ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ከተሰማ ዛሬውኑ ደብረ ታቦር፣ ንፋስ መውጫና ወገዳ ይደርሳል። ወሬው ለሁሉም እኩል ቢደርስም የስልኩ ዋጋ ግን ለሁሉም እኩል አይከብድም። በስማዳ ወረዳ ለሚኖር አንድ ገበሬ ለልጁ ስማርት ስልክ መግዛት ማለት በግ ወይም ወይፈን ገበያ ማውጣት፣ አለዚያም ለዘርና ለማዳበሪያ ከታሰበው ጤፍ መቀነስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «አሁን ልግዛ ወይስ የሚመጣውን ልጠብቅ?» የሚለው ጥያቄ እንደ ወጣቶች ጨዋታ ተቆጥሮ የሚታለፍ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መጪው ስልክ ምን እንደሚመስል መተንበይ አይደለም። አምራቾች ዕቅዳቸውን ይሰውራሉ፤ የተፈጥሮ ሕግጋት ግን የተሰወሩ አይደሉም። ማንኛውም ስልክ፣ ስሙና ዋጋው ምንም ይሁን ምን፣ አራት ነገሮችን አብቃቅቶ መሥራት ይኖርበታል። እነርሱም ጊዜ፣ ማህደረ ትውስታ፣ ሙቀትና የባትሪ ጉልበት ናቸው። አንባቢያን እነዚህን አራቱን ከተረዱ አዲስ የሚሰሙትን ወሬ ሁሉ የሚመዝኑበት ሚዛን በእጃቸው ይኖራል። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሾልኮ የወጣ ምስል ምን ያሳያል?

ከወሬ ምን ያህሉ ሊታመን እንደሚችል ለመረዳት የ2010ን አንድ ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። በማርች ወር የአፕል ኩባንያ ባልደረባ የሆነ አንድ መሐንዲስ ገና ለሽያጭ ያልቀረበ የሙከራ ስልክ በካሊፎርኒያ ሬድዉድ ሲቲ በሚገኝ መጠጥ ቤት ረስቶ ሄደ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋውሮ ጊዝሞዶ የተባለ የቴክኖሎጂ ዜና አቅራቢ ዘንድ ደረሰ፤ ኤፕሪል 19 ቀንም ፎቶግራፎቹ ለሕዝብ ታዩ። ይህ ስልክ በኋላ «አይፎን 4» ተብሎ የተሸጠው ነው። የፊት ካሜራው፣ ከመስታወት የተሠራው ጀርባው፣ ዙሪያውን የከበበው የብረት ቀበቶና ከቀድሞው ተለቅ ያለው ባትሪው በግልጽ ይታዩ ነበር። ሆኖም ስልኩ ከርቀት እንዲዘጋ ተደርጎ ስለነበር አይሠራም ነበር።

በዚያ ዓመት በጉጉት ከተጠበቁት ነገሮች አንዱ ብዙ መተግበሪያዎችን ባንድነት የማሠራት ችሎታ፣ ማለትም «መልቲታስኪንግ» ነበር። ኩባንያው ይህን ችሎታ ኤፕሪል 8 ቀን አስታውቆ ጁን 21 ቀን ለተጠቃሚዎች ሲያድል ነባር ስልኮች በሙሉ አልተካፈሉትም። 256 ሜጋባይት ማህደረ ትውስታ የነበረው የ2009 ስልክ አገኘው፤ 128 ሜጋባይት ብቻ የነበረው የ2008 ስልክ ግን አዲሱ ሶፍትዌር ቢጫንበትም ይህን ችሎታ አላገኘም። አይፎን 4 ደግሞ 512 ሜጋባይት ይዞ መጣ። ይህን ቁጥር ከፎቶግራፍ ማንበብ አይቻልም ነበር።

በምስሉ ላይ የብረት ቀበቶውን የሚያቋርጡ ቀጫጭን መስመሮችም ይታዩ ነበር። ቀበቶው አንቴና ነው፤ መስመሮቹም አንዱን አንቴና ከሌላው የሚለዩ ክፍተቶች ናቸው። ስልኩ በገዢዎች እጅ በገባ ጊዜ መዳፍ ክፍተቱን ሲሸፍን የሞገድ አቀባበሉ የሚዳከም ሆኖ ተገኘ፤ ኩባንያውም ጁላይ 16 ቀን ጋዜጣዊ መግለጫ ሰጥቶ ነፃ ሽፋን ማደል ግድ ሆነበት። ከዚህ የምንማረው፣ ሾልኮ የወጣ ምስል የስልኩን ቅርጽ በትክክል ሊያሳይ ቢችልም የውስጥ አቅሙንና በሰው እጅ ሲገባ የሚኖረውን ጠባይ እንደማያሳይ ነው።

ጊዜ፦ ሁለት እጅ፣ ብዙ ሥራ

ለመሆኑ ብዙ ሥራን ባንድ ጊዜ መሥራት ማለት ምን ማለት ነው? እንጀራ የምትጋግር እናትን እናስብ። ሊጡን ምጣዱ ላይ አዙራ አክንባሎውን ትከድናለች። እንጀራው እስኪበስል ወጡን ታማስላለች፤ ጀበናውን ወደ ፍሙ ታስጠጋለች፤ ተመልሳም እንጀራውን ወደ ሰፌድ ታወጣለች። ለእንግዳው እንጀራው፣ ወጡና ቡናው ባንድ ጊዜ የተሠሩ ይመስሉታል። እርሷ ግን ያላት ሁለት እጅ ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ቅጽበትም የምትሠራው አንድ ሥራ ነው። በመካከሉ ሕፃኑ ወደ እሳቱ ቢድህ ሁሉንም ትታ ወደ እርሱ ትሮጣለች።

የስልክ ፕሮሰሰርም እንዲሁ ነው። ለእያንዳንዱ መተግበሪያ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ እየሰጠ በተራ ያዳርሳል። የሰው ዓይንና ጆሮ ይህን ፈጣን ቅያሬ መለየት ስለማይችሉ ሁሉም ባንድነት የሚሠሩ ይመስለናል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1961 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፌርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ አንድን ትልቅ ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎች ባንድ ጊዜ እንዲገለገሉበት በዚሁ መንገድ አሳይተዋል። በሕፃኑ የመሰልነው ድንገተኛ ጥሪም በስልክ ውስጥ አለ፤ ፊልም እያየን ስልክ ሲደወል ጥሪው ፊልሙን አቋርጦ የሚገባው ከፍ ያለ ቅድሚያ ስለተሰጠው ነው።

ቅድሚያ መስጠት ምን ያህል ክቡር ነገር እንደሆነ የሚያሳየው ታላቅ ምሳሌ ጁላይ 20 ቀን 1969 የተፈጸመው ነው። አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ለማረፍ ሲወርድ የመንኮራኩሩ ኮምፒዩተር «1202» የሚል ማስጠንቀቂያ አሳየ። በዚያ ሰዓት የማያስፈልግ የራዳር ምልክት የኮምፒዩተሩን ጊዜ ይሻማበት ስለነበር ሥራው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ነበር። ፕሮግራሙ ግን ሥራዎችን በደረጃ የለየ ስለነበር አነስተኛዎቹን ጥሎ የማረፉን ሥራ ቀጠለ። የዚያ ኮምፒዩተር ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ 2,048 ቃላት ብቻ ይይዝ እንደነበር ስናስብ፣ ብዙ ሥራ ባንድነት የማከናወን ምሥጢር በአቅም ብዛት ብቻ ሳይሆን በአደላደል ጥበብም እንደሚገኝ እንረዳለን።

ማህደረ ትውስታ፦ የምድጃው ዳርና ጎተራው

እናቲቱ ጨው፣ በርበሬና ሊጡን በእጇ ልትደርስበት በምትችል ቦታ ታስቀምጣለች። የቀረው እህል በጎተራ ነው። በስልክ ውስጥ የምድጃው ዳር «ራም» የሚባለው ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ሲሆን፣ ጎተራው ፎቶግራፎቻችንና መተግበሪያዎቻችን የሚቀመጡበት ማከማቻ ነው። ከራም አንድን መረጃ ማንሣት አንድ መቶ ናኖ ሰከንድ ግድም ሲፈጅ ከማከማቻው ማንሣት አንድ መቶ ማይክሮ ሰከንድ ግድም ይፈጃል። ልዩነቱ አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ነው። ከምድጃው ዳር ጨው ማንሣት አንድ ሰከንድ ቢወስድ ጎተራው ዘንድ ደርሶ መመለስ 17 ደቂቃ ያህል እንደመውሰድ ነው።

በአንዳንድ ስልኮች ማሸጊያ ላይ «8+8 ጊጋባይት» ተብሎ ሲጻፍ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። የመጀመሪያው 8 እውነተኛ ራም ነው። ሁለተኛው 8 ከማከማቻው በብድር የተወሰደ ነው። ብድሩ የተወሰነ ጥቅም አለው፤ ለጊዜው የማንጠቀምበትን መተግበሪያ ጨርሶ ከመዝጋት እዚያ ማቆየት ይሻላል። ነገር ግን ጎተራው የምድጃው ዳር ሊሆን አይችልም።

«እንግዲያው ራሙን እጥፍ ድርብ ማድረግ ነዋ!» የሚል አንባቢ ይኖራል። ራም ግን በነፃ አይኖርም። ሮበርት ዴናርድ የተባለው የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ በ1966 ባሰበው ንድፍ መሠረት እያንዳንዱ የመረጃ ቅንጣት በአንድ ጥቃቅን ካፓሲተር ውስጥ በኤሌክትሪክ ሙል መልክ ይቀመጣል። ካፓሲተሩ እንደሚያፈስ እንስራ ስለሆነ ሙሉ ራም በየ64 ሚሊ ሰከንዱ ግድም ደግሞ ደጋግሞ መሞላት አለበት። ስለዚህ ሰፊ ራም ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ሰዓትም ቢሆን ባትሪ ይበላል።

ሙቀት፦ ከእጃችን የማያመልጥ ሕግ

አንድ ፕሮሰሰር የሚፈጀው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬና ከፍጥነቱ ብዜት ጋር ተመጣጣኝ ነው። ፍጥነትን ለመጨመር ቮልቴጅንም ከፍ ማድረግ ስለሚያስፈልግ የኃይሉ ፍጆታ ከፍጥነቱ ይልቅ ይሮጣል። በተቃራኒው፣ አንዱን ሥራ ለሁለት ኮሮች ብናካፍልና እያንዳንዱ በግማሽ ፍጥነትና በ0.8 ቮልቴጅ ቢሠራ ጠቅላላ ፍጆታው 2 × 0.5 × 0.64 = 0.64 ይሆናል። ያው ሥራ ከቀድሞው 64 በመቶ በሚሆን ኃይል ተሠራ ማለት ነው። የዛሬ ስልኮች ስምንት ኮር የሚሸከሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አርም የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ2011 ትላልቅና ትናንሽ ኮሮችን አጣምሮ ማሠራትን ካስተዋወቀ ወዲህ ቀላሉ ሥራ ለትንሹ፣ ከባዱ ለትልቁ ይሰጣል።

ይሁን እንጂ ስምንት በሬ በአንድ ፈር አይጠመድም። ጂን አምዳል በ1967 እንዳስረዳው የአንድ ሥራ ግማሹ ሊከፋፈል የማይችል ከሆነ የኮሮቹ ቁጥር የቱንም ያህል ቢበዛ ሥራው ከሁለት እጥፍ በላይ ሊፈጥን አይችልም።

አሁን ደግሞ ሙቀቱ የት እንደሚሄድ እንይ። 16 በ7.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስልክ የሁለቱ ገጹ ስፋት 0.024 ካሬ ሜትር ነው። ማራገቢያ የሌለው ዕቃ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትርና በእያንዳንዱ የሙቀት ዲግሪ ልዩነት ወደ 10 ዋት ግድም ያስወጣል። ክፍሉ 25፣ የስልኩ ገጽ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን የሚወጣው ሙቀት 0.024 × 10 × 15 = 3.6 ዋት ነው። ከዚህ በላይ ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ስልክ ወይ እጅ ያቃጥላል፣ ወይ ራሱን ያዘገያል። በደጋ አገር አየሩ ስስ ነው፤ በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ግድም ስለሆነ የማቀዝቀዝ ችሎታው በመጠኑ ያንሳል። «መጪው ስልክ እንደ ትልቅ ኮምፒዩተር ቀኑን ሙሉ በከፍተኛ ፍጥነት ይሠራል» የሚል ወሬ ሲሰማ ይህን 3.6 ዋት ማስታወስ ይበቃል።

የባትሪ ጉልበት፦ ስንት ሲኒ ቡና?

ዛሬ በብዛት የሚታየው ባትሪ 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል። በ3.85 ቮልት ሲባዛ 19.25 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 69,300 ጁል ይሆናል። ይህ ስንት ነው? በ2,500 ሜትር ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ይፈላል፤ 20 ዲግሪ ላይ ያለውን አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት 300,000 ጁል ያህል ያስፈልጋል። ሙሉ ባትሪ አንዳች ሳይባክን ቢውል ሩብ ሊትር የሚሞላ ውሃ እንኳ አያፈላም። ከጥቂት ሲኒ ቡና ያለፈ አይደለም። ስልኩ አንድ ዋት እየፈጀ ቢሠራ 19 ሰዓት ይቆያል፤ ብዙ ሥራ ተደራርቦበት 3.6 ዋት ቢፈጅ ግን ከአምስት ሰዓት ተኩል አያልፍም።

ባትሪን በተመለከተ የሚናፈሰው ወሬ ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። በተለመደው የሊቲየም አዮን ባትሪ ውስጥ ሊቲየሙን የሚቀበለው ግራፋይት በአንድ ግራም 372 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል። ሲሊከን ግን 3,600 ግድም ሊይዝ ይችላል። ችግሩ ሲሊከን ሲሞላ ወደ አራት እጥፍ ግድም አብጦ መሰንጠቁ ነው። በመሆኑም አምራቾች ከካርቦን ጋር እያዋሃዱ በጥቂት በጥቂቱ ይጠቀሙበታል፤ ከ2023 ጀምሮም እንዲህ ያሉ ባትሪዎች በስልክ ውስጥ ለገበያ ቀርበዋል። ስለዚህ በዚያው ውፍረት ሲሶ ወይም ግማሽ ያህል ጭማሪ ያለው ባትሪ ይመጣል ቢባል የሚታመን ነው። አንድ ወር ያለ ቻርጅ የሚሠራ ስማርት ስልክ ይመጣል ቢባል ግን ጉልበቱ ከየት እንደሚገኝ መጠየቅ ይገባል።

ስክሪኑ ቢታጠፍስ?

ሦስት መተግበሪያ ጎን ለጎን ለማየት ሰፊ ስክሪን ያስፈልጋል፤ ሰፊው በኪስ እንዲገባ ደግሞ መታጠፍ አለበት። ሳምሰንግ በ2019፣ ቴክኖ በ2023 እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ ስልክ አቀረቡ፤ ሁዋዌ በ2024 ለሦስት የሚታጠፍ ሠራ። መስታወት እንዴት ሊታጠፍ ቻለ? እንጀራ ይጠቀለላል፤ ድፎ ዳቦ ቢጠቀለል ግን ጀርባው ይሰነጠቃል። የሚታጠፍ ነገር የውጭ ገጹ የሚለጠጥበት መጠን ውፍረቱ ለእጥፋቱ ራዲየስ ሁለት እጥፍ ሲካፈል ይገኛል። ራዲየሱ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን 0.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት 17 በመቶ መለጠጥ ስለሚኖርበት ይሰበራል። 0.03 ሚሊ ሜትር ሲሆን ግን 1 በመቶ ብቻ ነው። እንዲህ የሳሳ መስታወት በቀላሉ ይጎዳል፤ ማጠፊያውም የአቧራ ጠላት ነው። የሳምሰንግ የመጀመሪያው ታጣፊ ስልክ በኤፕሪል 2019 ሊሸጥ ከታሰበ በኋላ ለሙከራ በተሰጡት ስልኮች ስክሪን ላይ ብልሽት ስለታየ እስከ ሴፕቴምበር የዘገየው በከንቱ አልነበረም። በበጋ አቧራ የሚመላለስ ተማሪ ይህን ልብ ማለት አለበት።

ሁለት ሲም፦ በየቀኑ የምናየው መልቲታስኪንግ

በአገራችን የሞባይል አገልግሎት የተጀመረው በ1999 በአዲስ አበባ ነው። ቴክኖ ስልክን የሚያመርተው ትራንሽን ኩባንያ በ2011 በኢትዮጵያ የመገጣጠሚያ ፋብሪካ ከፈተ። በኦክቶበር 2022 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ አገልግሎቱን ሲያስጀምር ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሁለተኛ አቅራቢ ተገኘ፤ በ2021 ከተጀመረው ቴሌብር ቀጥሎም በ2023 ኤም ፔሳ መጣ። በዚህም የተነሣ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ለብዙ ሰው አስፈላጊ ዕቃ ሆነ።

በአብዛኞቹ ስልኮች ሁለቱ ሲሞች የሚገለገሉበት የሬዲዮ ክፍል አንድ ነው። በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ስልኩ ከ0.32 እስከ 2.56 ሰከንድ ባለ ልዩነት ለአፍታ እየነቃ «የተጠራሁ እንደሆነ» ብሎ ያዳምጣል። በሁለት ማዳመጫዎች መካከል ያለው ጊዜ ረጅም ስለሆነ አንዱ ሬዲዮ ሁለቱን በተራ ያዳርሳል። በአንደኛው ሲም እየተነጋገርን በሌላው የሚደውልልን ሰው ብዙ ጊዜ የማያገኘን ሬዲዮው በአንደኛው ስለተያዘ ነው። በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ደግሞ አየሩ ራሱ በተራ ይከፈላል፤ ስምንት ተናጋሪዎች በአንድ የሞገድ መስመር ላይ ለእያንዳንዳቸው 0.577 ሚሊ ሰከንድ እየተሰጣቸው ይነጋገራሉ።

የስማዳ መልክዓ ምድር እዚህ ላይ ይመጣል። መሬቱ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች ሲወርድ ገደሉ የኔትወርኩን ምሰሶ ይጋርዳል። ምሰሶው ሲርቅ ወይም ሲጋረድ ስልኩ ድምፁን ከፍ አድርጎ መጮህ አለበት፤ በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ በተራው ቅጽበት እስከ 2 ዋት ሊደርስ ይችላል። ኔትወርክ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ሳያቋርጥ ይፈልጋል፤ ሁለት ሲም ካለው የሚፈልገው ሁለት ኔትወርክ ነው። አንድ ዓይነት ስልክ ደብረ ታቦር ላይ ሁለት ቀን ቆይቶ ሸለቆ ውስጥ በአንድ ቀን ቢደክም ብልሽት ላይሆን ይችላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ስለ መጪው ስልክ ወሬ ሲሰማ አራት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይበጃል። ሥራዎቹ በየተራ የሚስተናገዱት በማን ቅድሚያ ነው? ከተነገረው ራም እውነተኛው ስንት ነው? ሙቀቱ በየት ይወጣል? ጉልበቱስ ከየት ይመጣል? መልስ የማይሰጥ ወሬ በግ አያሸጥም። ለትምህርት የሚያነብ፣ መልእክት የሚለዋወጥና ሁለት ሲም የሚጠቀም ተማሪ በቂ እውነተኛ ራምና ጥሩ ባትሪ ያለውን ስልክ ዛሬ ቢገዛ የሚታጠፈውን ባለመጠበቁ ብዙ አይጎዳም።

ስልክ ያላቸው አንባቢያን ደግሞ አንድ ቀላል ሙከራ እንዲሠሩ እንጋብዛለን። በመጀመሪያው ሌሊት ስልኩን ሞልተው ሁለቱንም ሲም ክፍት አድርገው ይተኙ፤ ጠዋት ከመቶ ስንት እንደቀነሰ ይመዝግቡ። በሁለተኛው ሌሊት አንዱን ሲም ዘግተው፣ በሦስተኛው ደግሞ የበረራ ሁነታ ላይ አድርገው ይድገሙት። በመቶኛ የቀነሰውን በባትሪው ዋት ሰዓት አባዝተው በሌሊቱ ሰዓት ቢያካፍሉት ስልኩ ተኝቶ ሳለ በየሰዓቱ የሚፈጀውን ኃይል በዋት ያገኛሉ። ከወገዳ ከተማ የሚገኘው ቁጥርና ሸለቆው ጠርዝ ላይ ካለ መንደር የሚገኘው ቁጥር ተነጻጽሮ ቢታይ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ስለ ስልኩ ይናገራል።